የስድስት ቁጥር ካርቶን

ሰው ሲመሰገን ደስ ይለዋል። እኔ ግን በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ ቃል በቃል የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም እንቅልፍ የነሳኝን። ነገሩን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሚቆጣኝ አለቃም የለኝም። እናንተ አንባቢዎቼ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ ሁለተኛው ዓመት ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩ በወሩ መንግሥት ተለወጠና የትምህርት ቤቱ መዝገብ በየወለሉ ተበተነ። ያን የተማሪ ካርድ ሁሉ ከመሬት ለቅሜ፣ በጋሪ አስጭኜ ቤቴ ወስጄ፣ አገር እስኪረጋጋ አልጋዬ ሥር ያቆየሁት እኔ ነኝ። ስመልሰው ደግሞ በራሴ ሥርዓት ደረደርኩት። በፊደል አይደለም፣ በዓመትም አይደለም፤ በአገር ነው። የጉደር ልጆች አንድ መደርደሪያ፣ የጊንጪ አንድ፣ የባኮ አንድ። ሰው ስሙን ይለውጣል፣ የተፈተነበትን ዓመት ይረሳል፤ የመጣበትን ቀበሌ ግን አይረሳም።

ስለዚህ ያን ክፍል ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። «ሀገረ ሕይወት» የሚል፣ የአምቦ የድሮ ስም ያለበት ያረጀ ማኅተም ያለበት ካርድ የሚፈልግ ሽማግሌ ከባኮ ተሳፍሮ ሲመጣ፣ ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ ካርዱን እጁ ላይ አስቀምጥለት ነበር። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» ሲሉኝ «ኧረ ተዉ» እላለሁ እንጂ ልቤ ይሞቃል። የግዥ ሠራተኛችን ቶሎሳ ብቻ ነው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ የሚቀልድብኝ። እኔም አለቅም ነበር፤ ቁልፉን እንኳ ሻይ ልጠጣ ስወጣ በአንገቴ አንጠልጥዬው ነው የምሄደው።

ሌሊሴ የመጣችው በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። የኮምፒውተር ትምህርት የጨረሰች፣ የጉደር የወንጌላዊ ልጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ ስትሠራ መዝሙር በአፍንጫዋ የምታንጎራጉር ልጅ ነች። ያኔ በከተማው ያለ ኮምፒውተር ሁሉ በቫይረስ ታምሞ ነበር። ፈተና በፍላሽ ይዞ የመጣ መምህር፣ ሲከፍተው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ይህቺ ልጅ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ሁሉ ጠራርጋ ሊኑክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫነችባቸው። «አይገዛም፣ አይሰረቅም፤ ፍላሽ ላይ ያለው ቫይረስም እዚህ ጉልበት የለውም» አለች። እውነትም ፈተና መጥፋቱ ቆመ።

ከዚያ በኋላ በግቢው የሚሰማው የእሷ ስም ሆነ። ሌሊሴን ጥሩ፣ ሌሊሴን ጠይቁ። ዳይሬክተሩ ኦቦ ገመቹ ከቢሯቸው ያለችውን ብቸኛ ተሽከርካሪ ወንበር ለእሷ ሰጡ። እኔ በዚያች ቢሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እግሩ በሚወላገድ ወንበር ተቀምጫለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ «አስቴር፣ ወገብሽ እንዴት ነው?» ያለኝ አልነበረም።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። በጣቶቿ ቀናሁ፣ ቀስ ብላ በመናገሯ ቀናሁ፣ ወጣትነቷ አናደደኝ። መዝሙሯ በግድግዳው አልፎ ሲመጣ በሬን እዘጋው ነበር። ከሁሉ የባሰኝ ደግሞ እኔን ማክበሯ ነው። ሳልፍ ብድግ ትላለች፤ «እትዬ አስቴር» ትለኛለች፤ የምጠላበት ሰበብ እንኳ አትሰጠኝም።

አንድ ቀን ኦቦ ገመቹ ሁላችንንም ቢሯቸው ጠሩን።

«ካርዶቹን ምስጥና እርጥበት እየበላቸው ነው» አለች ሌሊሴ። «በስካነር እያነሳን ኮምፒውተር ውስጥ ብናስቀምጣቸው ይተርፋሉ። ውድ አያስፈልገንም፣ ርካሹ ይበቃናል። ብቻ ከእኛ ነጻ ፕሮግራም ጋር የሚግባባ መሆን አለበት።»

«የማይግባባም አለ እንዴ?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ብዙ አለ። ፋብሪካዎቹ የሚያስቡት ለሚሸጠው ፕሮግራም ነው። በነጻው የሚሠሩትን በጎ ፈቃደኞች እየሞከሩ ዝርዝር ያወጣሉ።» ከደብተሯ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። በእጇ የጻፈችው ነው፤ ሦስት ዓምድ አለው፦ የሚሠራ፣ በከፊል የሚሠራ፣ የማይሠራ። «ስለዚህ ስንገዛ መልኩን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የምናየው።»

ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥሩ። ከሠራ የሪከርድ ክፍሉን ለኮምፒውተር እናደርገዋለን፤ አስቴርም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች። ካልሠራ ግን፣ ሌሊሴ፣ የሙከራ ጊዜሽ በዚህ ወር ያልቃል። ነጻ ነው እያልሽ የመንግሥት ገንዘብ ካባከንሽ ላጸድቅልሽ አልችልም።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ስካነሩ ከሠራ እኔ ከአካፋና ከመጥረጊያ ጋር ልቆለፍ ነው፤ ካልሠራ እሷ ወደ ጉደር ልትመለስ ነው። ከቢሮው ስንወጣ ሌሊሴ እጄን ያዝ አድርጋ አንድ ነገር ልትለኝ ነበር። እጄን ነጠቅኋት።

ገዥ ኮሚቴ ተብለን ሦስት ሰዎች ተመደብን። ቶሎሳ ለግዥ፣ ሌሊሴ ለባለሙያ፣ እኔ ለንብረት ርክክብ። በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። ሌሊሴ የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ ነበር። አራት ሱቅ ዞርን። ባለሱቆቹ «ከተከፈተ ተገዛ!» እያሉ ካርቶን አናስነካም አሉን። አምስተኛው ላይ ቶሎሳ አንገቱን ወደ መደርደሪያው አሰገገና፣ «ወንድሜ፣ እኛ ከአምቦ ነው የመጣነው። እኛ አገር በሬ እንኳ ጥርሱ ታይቶ ነው የሚገዛው» አለው። ባለሱቁ ሳቀና ፈቀደልን።

ከዝርዝሯ ጋር የሚቀራረቡ ሁለት ስካነሮች ነበሩት። ያው ፋብሪካ፣ ያው ጥቁር መልክ፣ ያው ዋጋ። ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ናት፤ አንዱ በአምስት፣ ሌላው በስድስት ያልቃል።

«አምስቱ ይሠራል ተብሏል፤ ስድስቱ አይሠራም» አለች ሌሊሴ። «ግን ለእርግጠኝነት ሁለቱንም ልሞክር።»

መጀመሪያ ባለ አምስቱን በአንዲት ቀጭን ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካችው። ያችን የታጠፈች ወረቀቷን ከክዳኑ ሥር አስገባች። ብርሃኑ ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብሎ ሄደና የእጅ ጽሕፈቷ ፍንትው ብሎ ወጣ። «ለመብራት ሌላ ገመድ አይፈልግም፤ ከላፕቶፑ ነው የሚጠጣው» አለች ደስ ብሏት። ባለ ስድስቱን ስትሰካው ግን ምንም የለም። ነቅላ ሰካች፣ አጥፍታ አበራች። «ስካነር አልተገኘም» ይላል ላፕቶፑ።

«ስድስቱ አዲሱ ነው እኮ!» አለ ባለሱቁ ስልክ እያወራ። «አዲሱን ትቶ አሮጌውን የሚገዛ ዛሬ ገና አየሁ።»

«እውነቱን ነው፤ ለዚያው ዋጋ!» አለ ቶሎሳም።

«ለእኛ አምስቱ ነው» አለች ሌሊሴ። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። ያንንም ቀናሁበት።

ባለሱቁ ስልኩን በትከሻው አጣብቆ ከአንድ ሰው ጋር እየተጨቃጨቀ ሁለቱንም ወደ ካርቶናቸው መለሰና በሲባጎ አሰራቸው። ሌሊሴ በአምስት የሚያልቀውን ካርቶን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እትዬ አስቴር፣ እርስዎ ይያዙልን። እርስዎ ዘንድ ነገር አይጠፋም» አለችኝና ከቶሎሳ ጋር ደረሰኝ ሊያስጽፉ ወደ ፎቅ ወጡ።

ካርቶኑ ቀላል ነው፤ እንደ ትሪ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴን የሚወስደው ዕቃ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደኝ። ደረጃውን አየሁት፤ ማንም የለም። ተነሣሁ።

«ልጄ» አልኩት ባለሱቁን፣ «ሐሳባችንን ቀይረናል። ስድስቱን ስጠን።»

ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ አንዱን ካርቶን ተቀብሎኝ ሌላውን ገፋ አደረገልኝ። «አላልኩም? አዲሱ ይሻላል» አለ። ለዝናቡ ብዬ ጥቁር ፌስታል ለመንኩትና ቁጥሩ እንዳይታይ ጠቅልዬ አሰርኩት። ሁሉም ነገር ፊት ታጥቦ ለመጨረስ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ሲወርዱ ቶሎሳ ደረሰኙን አሳየኝ፤ «ስካነር፣ አንድ» ብቻ ይላል። ቁጥር የለውም። እፎይ አልኩ።

ስንመለስ ካርቶኑ ጭኔ ላይ ነበር። አዲስ ዓለም አውቶቡሱ ሲቆም ሌሊሴ በመስኮት ሦስት የተጠበሰ በቆሎ ገዛችና ለእኔ ትልቁን መረጠችልኝ። አፌ ውስጥ ገለባ ሆነብኝ።

«እትዬ አስቴር፣» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ካርዶቹን በአገር በአገር ለምን እንደደረደሩ ገብቶኛል። በጣም ነው የገረመኝ። ሁሉንም ያስተምሩኛል?»

«ስካነርሽ ያስተምርሽ» አልኳት።

ቶሎሳ ሳቀ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትንሽ አዘንኩላት፤ ግን ያችን ተሽከርካሪ ወንበር ሳስባት ሐዘኔ ጠፋ። አምቦ ስንደርስ ካርቶኑን ክፍሌ አስገብቼ ቆለፍኩበት። ልቤ ቢመለስ ስልኳ ነበረኝ። አልደወልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኦቦ ገመቹ፣ ቶሎሳና ሥራ የፈቱ መምህራን ሁሉ የሪከርድ ክፍሉን ሞሉት። ሌሊሴ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ነው የመጣችው። እኔ ከባኮ መደርደሪያ ጋር ተጣብቄ ቆምኩ። ፌስታሉን ቀደደችው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አየችው።

እጇ ባለበት ቀረ። ፊቷ ደም ያለው አይመስልም ነበር። ቀና አለችና ቀጥ ብላ አየችኝ፤ እኔ ጣቶቼን አየሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ብቻ ለምን እንዳየች ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

«ምነው?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ምንም» አለች። ሲባጎውን ቀስ ብላ ፈታች፣ ስካነሩን አወጣችና ገልብጣ ሥሩን አነበበች። ደግማ አነበበች። ትንፋሿ ሲወጣ ይሰማኛል። ገና ገመዱን እንደሰካች መብራት ጠፋ።

«ይኸውላችሁ!» አለ አንዱ መምህር።

«ቆዩ፣ ይህ መብራት አይጠብቅም» አለች። «ኦቦ ገመቹ፣ የማንን ካርድ እናንሳ?»

«እኔ እዚሁ አይደል የተማርኩት? የእኔን ሞክሪው» አሉ።

የጉደር ልጅ ናቸውና ከጉደር መደርደሪያ ካርዳቸውን መዝዤ ሰጠኋት። ክዳኑን ከደነች። እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳቅ ስሰማ ገለጥኩት፤ ብርሃኑ ከክዳኑ ሥር ይሄዳል፣ ላፕቶፑ ላይ ጸጉራቸው የቆመ የአሥራ አምስት ዓመት ገመቹ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ከሥሩም «ጠባይ፦ መካከለኛ» ይላል።

«ጋሪዳ!» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ በጣም ጥሩ ማለታቸው ነው፤ ከመምህራኑ ጋር እየሳቁ።

እኔ ግድግዳውን ያዝኩ። የሆነው ነገር ከሌሊሴ አፍ እስኪወጣ ድረስ አልገባኝም ነበር።

«የሚመሰገነው ሌላ ሰው ነው» አለች፣ ካርቶኑን ለሁሉም እያሳየች። «ባለሱቁ ስልክ ሲያወራ ሁለቱን ስካነሮች አቀያይሮ ነው የከተታቸው። የሚሠራው በስድስቱ ካርቶን፣ የማይሠራው በአምስቱ ካርቶን ገብቶ ነበር። እኔ ሳላይ ቀርቼ የአምስቱን ካርቶን ይዤ ልመጣ ነበር። እትዬ አስቴር ግን ቀየሩልን። እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ አፍሬ ነበር።» ከዚያ ዞር አለችና በሁለት እጇ እጄን ጨብጣ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ገለቶማ፣ እትዬ አስቴር። አመሰግናለሁ» አለችኝ።

መምህራኑ አጨበጨቡ። ቶሎሳ «ሞኝና ወረቀት ያልኩት ተነስቷል!» አለ። ኦቦ ገመቹም ካርዳቸውን እንደያዙ መደርደሪያዎቹን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ይህን ሁሉ ማን ፈልጎ ይሰጠዋል ለዚህ ማሽን?» አሉ።

«እሳቸው ናቸዋ» አለች ሌሊሴ። «ማሽኑ ያነሳል እንጂ አይፈልግም። እትዬ አስቴር ከዚህ ከሄዱ ሥራው አይሠራም።»

በዚያች ደቂቃ እሷ ሥራዋ ጸደቀላት፣ እኔ ክፍሌ ተረፈልኝ። ሰዉ ሲበተን ባዶውን ካርቶን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ «ይህን እርስዎ ይያዙልኝ» አለችኝ።

አስቡት እንግዲህ። ላጠፋት የዘረጋሁት እጅ አዳናት፤ ክፉ ሐሳቤ እንኳ አልሳካ አለኝ። ቢሳካልኝ ኖሮ እቆጭ ነበር፣ ባለመሳካቱም ተቃጠልኩ። ሰው ሁሉ በየኮሪደሩ «ንስር ዓይን!» ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ካርቶኑን መጣል አቃተኝ፤ መደርደሪያ ላይ፣ ከዓይኔ ፊት አስቀመጥኩት።

ለዚያች ምስጋና ዕዳ ሁለት ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ ሠራሁ። የጉደርን፣ የጊንጪን፣ የባኮን መደርደሪያ አንድ ባንድ አስተማርኳት። እሷም ማንሳቱን አስተማረችኝ፤ ወረቀት ማቃናት፣ ክዳን መክደን፣ ስም መስጠት። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። መዝሙሯንም ለመድኩት። አንዳንዴ እኔው ራሴ ሳንጎራጉር እገኝ ነበር።

ከዚያ ባኮ የተሻለ ሥራ አገኘች። መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ሻንጣዋ ጣሪያ ላይ እየተጫነ ሳለ እንዲህ ልትሄድ ነው ብዬ አንጀቴ አልቻለም።

«ሌሊሴ፣ ያን ካርቶን…» አልኩ። «አይቼ አይደለም የቀየርኩት። እንዳይሠራብሽ ብዬ ነው። ቀንቼብሽ ነው።»

ፈገግ ብላ፣ «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ካርቶኑን ሳይ ፊትዎን አየሁ። በዚያው ቀን ደግሞ ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ባለሱቁ ጋ ደወልኩ። ‹እናትየዋ ሐሳባችንን ቀይረናል፣ ስድስቱን ስጠን ብለው ወሰዱት› አለኝ።»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን አመሰገንሽኝ?»

«ተናድጄ ነዋ!» አለች። «ብከስዎት አንድ ቀን ያማዎታል፤ ባመሰግንዎት ግን ዕድሜ ልክ። አመሰገንኩዎት እንጂ መቼ ይቅር አልኩዎት?»

ረዳቱ «ባኮ! ባኮ! ግቡ!» ይላል።

«አባቴ ግን ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ይል ነበር» አለች ደረጃውን እየወጣች። «እርስዎ ባይቀኑብኝ ኖሮ የማይሠራውን ይዤ ተመልሼ ነበር። እሱን ሳስብ ንዴቴም ያስቀኛል።»

«አሁንስ ይቅር ብለሽኛል?» አልኳት። ሞተሩ ተነስቶ ነበርና አልሰማችኝም። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እኔ በአቧራው መካከል ቆሜ ቀረሁ። ከበሩ ሳይወጣ መስኮቱ ተከፈተና አንገቷን አወጣች።

«እትዬ አስቴር!» ብላ ጮኸች። «ካርቶኑን ይጣሉት!»

አንባቢዎቼ፣ ቅናት ያለባችሁ ካላችሁ፣ ይኖራችኋልም፣ ከእኔ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፦ ለምትቀኑበት ሰው ቀድማችሁ ንገሩት። እኔ ሁለት ዓመት የደበቅሁት ነገር እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምታውቀው ነበር፤ በከንቱ ነው የተቃጠልኩት። ያ ሁሉ ካርድ ዛሬ ምስጥ በማይደርስበት ተቀምጧል፤ ግማሹን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ካርቶኑን ግን አልጣልኩትም። ጡረታ ስወጣ ቤቴ ይዤው መጣሁ፤ የድሮዎቹ ካርዶች በነበሩበት አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ሌሊሴ በየበዓሉ ስትደውል «ጣሉት?» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ።